ፍሬን የሚይዝ፣ መሪ የሚይዝ ወይስ እጅ የሚያስለቅቅ? አሜሪካ ውስጥ መኪና ለምትገዙ የንጽጽር መመሪያ

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ መኪና ሊገዛ ዲለር ቤት የሚገባ ሐበሻ ዛሬ የሚሰማው ወሬ ተቀይሯል። ድሮ ወሬው ስለ ማይሉና ስለ ነዳጁ ነበር። አሁን ሻጩ «ይሄኛው እኮ ራሱ ይነዳል» ይላል። ከዚያ ለመያዝ የሚከብዱ ስሞች ይደረደራሉ። አውቶፓይለት፣ ሱፐር ክሩዝ፣ ብሉ ክሩዝ፣ ፕሮፓይለት። አብሮ በወር የሚከፈል ጥቅል ይመጣል።

ከሁሉም በፊት ይሄን ያዙልኝ። ተራ ሰው ከዲለር ገዝቶ ወደ ቤቱ ከሚወስዳቸው መኪኖች ውስጥ ተኝታችሁ የሚያደርሳችሁ አንድም የለም። ስለዚህ ምርጫው «የሚነዳ ወይስ የማይነዳ» አይደለም። ምርጫው የትኛው እርዳታ ሕይወት ያተርፋል፣ የትኛውስ ለምቾት ብቻ ነው የሚለው ነው። ገንዘቡ የሚባክነውም እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

*ከምን ያድናል?* ማዳኑ በተግባር የታየ ነው ወይስ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ያለ?

*ሹፌሩን እንዴት ይከታተላል?* መሪ የሚይዝ መኪና ሰውን ያዘናጋል። መኪናው ዓይናችሁ ከመንገድ መነሳቱን የሚያየው በካሜራ ነው ወይስ እጃችሁ መሪውን መንካቱን ብቻ ነው የሚያውቀው? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

*ሲሳሳት ማን ይጠየቃል?* በ2018 አሪዞና ቴምፒ ላይ በሙከራ ላይ የነበረ የኡበር መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናውን ሲነዳ የነበረው ኮምፒውተሩ ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። የተከሰሰችው መሪው ፊት ተቀምጣ የነበረችው ሠራተኛ ናት። በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የ3 ዓመት ፕሮቤሽን፣ ማለትም ሳትታሰር በክትትል ሥር መቆየት፣ ተፈረደባት። በዚህ መመሪያ ውስጥ ከማነሳው ሁሉ ይሄን አትርሱ።

*በጠቅላላ ስንት ያስወጣል?* የወር ክፍያው፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱ አንድ ላይ ይታሰብ።

*ዳታው የት ይሄዳል?* ፍጥነታችሁን፣ ፍሬን አያያዛችሁንና ያላችሁበትን ቦታ ማን ያያል?

ደረጃ የሚባለውንም ቶሎ እንለፈው። መሐንዲሶች ከ0 እስከ 5 ይቆጥራሉ። ደረጃ 2 ላይ መኪናው መሪም ፍጥነትም ይይዛል፣ መንገዱን የሚያየው ግን ሹፌሩ ነው። ደረጃ 3 ላይ በተወሰነ ሁኔታ መኪናው ይነዳል፣ ሲጠራችሁ ትረከባላችሁ። ደረጃ 4 በተከለለ ከተማ ውስጥ ያለ ሹፌር ይሄዳል። ገበያ ላይ የምታዩት ሁሉ ማለት ይቻላል ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በታች ነው።

አማራጭ 1፦ ፍሬን የሚይዝላችሁ መኪና

ይሄ ብዙ ሰው «ተራ ነገር» ብሎ የሚያልፈው ነው። እኔ ግን ገንዘባችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይዋል ባይ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ካሜራ አለች። ብዙ መኪኖች ከፊት ደግሞ ራዳር አላቸው። ከፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም መጀመሪያ ይጮኻል። ካልያዛችሁ ራሱ ፍሬን ይይዛል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም፣ በምሕጻሩ አይአይኤችኤስ፣ ይሄ ሲስተም ከኋላ መግጨትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። ግማሽ! በየወሩ የምትከፍሉበት የትኛውም ጥቅል ይሄን የሚያህል ማስረጃ የለውም።

ደስ የሚለው ደግሞ ውድ አለመሆኑ ነው። በ2016 ሃያ አምራቾች ይሄን ፍሬን መደበኛ ለማድረግ ቃል ገቡ። ቶዮታ ቀድሞ ስለገባበት የ2017 ኮሮላና ራቭ 4፣ የ2018 ካምሪ ይዘውት ነው የወጡት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከተቻለ የ2019 ራቭ 4ን ወይም የ2020 ኮሮላን ያህል አዲስ ፈልጉ። የነሱ ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ብርሃን በደከመበት ሰዓትም እግረኛ ለመለየት የተሠራ ነው። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ በ2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2029 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ትንሽ መኪና ሁሉ ይሄን ፍሬን እንዲይዝ አዟል።

ድክመቱስ? ጨለማ። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 አራት መኪኖችን ሲፈትን፣ እግረኛ የመለየት ችሎታቸው በሌሊት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሲስተሞቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ሌሊት ኡበር የሚነዳ ሰው «ፍሬኑ ያየዋል» ብሎ መተማመን የለበትም።

ሌላው ወጥመድ ርካሹ ሞዴል ነው። ፍሬኑ መደበኛ ሆኖ፣ በጎን የተደበቀ መኪና ሲኖር የውጭ ስፖኪዮው ላይ መብራት የሚያበራው ብላይንድ ስፖት ግን ላይኖር ይችላል። ሙሉ ቀን ሃይዌይ ላይ መስመር ለሚቀይር ሰው ይሄ ትንሽ መብራት ከቆዳ ወንበር ይበልጣል። መኪናው እንደቆመ የሻንሲ ቁጥሩን ወስዳችሁ ምን ምን እንዳለው አጣሩ። «ሁሉም አለው» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም።

ጥገናውንም አስቡት። መስታወቱ ጠጠር መትቶት ሲሰነጠቅ መቀየሩ ብቻ አይበቃም። ካሜራዋ እንደገና መስተካከል አለባት። ካሊብሬሽን ይሉታል፤ በሂሳቡ ላይ መቶዎች ዶላር ሊጨምር ይችላል። ፓራውልት ተገጭቶ ሲቀየርም ከጀርባው ያሉት ራዳሮች እንደዚያው ናቸው። ርካሽ ጋራዥ ይሄን ዘሎት መኪናው ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ ካሜራዋ ግን መንገዱን ወደ ጎን አዘንብላ ታያለች። ስለዚህ ኢንሹራንሳችሁ ካሊብሬሽኑን እንደሚሸፍን ከወዲሁ ጠይቁ፤ ሲሠራም ደረሰኙ ላይ በስሙ ይጻፍ።

አማራጭ 2፦ መሪ የሚይዝ፣ እጃችሁን ግን የማይለቅ

የቴስላ አውቶፓይለትና ፉል ሰልፍ ድራይቪንግ፣ የኒሳን ፕሮፓይለት፣ የሀዩንዳይ የሃይዌይ አጋዥ፣ ሁሉም እዚህ ናቸው። ስማቸውና ችሎታቸው ይለያያል። በሕግ ፊት ግን አንድ ናቸው፤ ሹፌሩ እናንተ ናችሁ።

የቴስላው በችሎታ ከሌሎቹ ይርቃል። ከተማ ውስጥ ይታጠፋል፣ መብራት ላይ ይቆማል። ኩባንያው ራሱ በስሙ ላይ «ሱፐርቫይዝድ» የሚል ቃል ጨምሮበታል። አደጋውም ያለው ችሎታው ላይ ነው። መቶ ጊዜ በትክክል የታጠፈ መኪና ያሳምናችኋል። መቶ አንደኛው ላይ ግን ለመያዝ ያላችሁ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ሰከንድ ነው።

በዲሴምበር 2023 ቴስላ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪና ሪኮል አድርጓል፤ ማለትም ለእርማት ጠርቷል። ምክንያቱ አውቶፓይለት የሹፌሩን ትኩረት በበቂ አለመቆጣጠሩ ነበር። መፍትሔው በሶፍትዌር አፕዴት ተላከ፤ ኤንኤችቲኤስኤ ግን ማሻሻያው በቂ መሆኑን ለማየት በ2024 ሌላ ምርመራ ከፍቷል።

የፍርድ ቤቱ ነገር ደግሞ ለየት ያለ ነው። በ2019 ፍሎሪዳ ኪ ላርጎ ላይ አንድ ሹፌር አውቶፓይለት አብርቶ ሲሄድ ስልኩ ወደቀበት። ሊያነሳ ጎንበስ አለ። መኪናው መንገዱ የሚያልቅበትን መገናኛ አልፎ የቆመ መኪና ገጨ። አንዲት ወጣት ሞተች፣ አብሯት የነበረው ክፉኛ ቆሰለ። በኦገስት 2025 የማያሚ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ጥፋቱን 67 በመቶ በሹፌሩ፣ 33 በመቶ በቴስላ ላይ አደረገ። በቴስላ ላይ የተወሰነው ወደ 243 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ኩባንያው ይግባኝ እንደሚል አስታውቋል። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ «እንግዲህ ኩባንያው ይከፍላል» ይላል። የፍርዱን ሌላ ጎን ተመልከቱት። ሁለት ሦስተኛው ጥፋት ያረፈው ጎንበስ ባለው ሰው ላይ ነው።

ወጪውን በተመለከተ የቴስላው ጥቅል በወር 99 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። በዓመት ሲታሰብ ከ1,100 ዶላር በላይ ነው። ስሙም ዋጋውም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በምትገዙበት ቀን ያለውን በጽሑፍ ያዙ። ያገለገለ ቴስላ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ከመኪናው ጋር ይምጣ አይምጣ ራሳችሁ ስክሪኑ ላይ ገብታችሁ እዩ። የሌለ ነገር ተከፍሎበት ከሆነ በኋላ ክርክሩ አድካሚ ነው።

አማራጭ 3፦ እጅ የሚያስለቅቅ

የጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ሱፐር ክሩዝና የፎርድ ብሉ ክሩዝ አስቀድሞ ካርታ በተሠራላቸው ሃይዌዮች ላይ እጃችሁን እንድትለቁ ይፈቅዳሉ። ዓይናችሁን ግን አይለቁም። መሪው አካባቢ ያለች ካሜራ ፊታችሁን ታያለች። ወደ ስልክ ስትዞሩ ትጮኻለች፣ ካልተመለሳችሁ ሲስተሙ ይጠፋል። እኔ ይሄን አሠራር እመርጣለሁ። መሪ መንካት ብቻ የሚፈልግ ሲስተም በተንጠለጠለ ክብደት ጭምር ሊታለል ይችላል።

ይሁን እንጂ ከዓይን ክትትል ጋርም አደጋ አለ። ብሉ ክሩዝ እንደበራ በ2024 ሁለት ገዳይ አደጋዎች ደርሰዋል። አንዱ ሳን አንቶኒዮ፣ አንዱ ፊላደልፊያ። ሁለቱም በሌሊት፣ ሁለቱም ሃይዌይ ላይ የቆመ መኪና በመግጨት። ኤንኤችቲኤስኤ ምርመራ ከፍቶባቸዋል። በፍጥነት እየሄዱ የቆመ ነገር መለየት ለእነዚህ ሲስተሞች እስካሁን ከባዱ ፈተና ነው። ሃይዌይ 95 ላይ ሌሊት የምትነዱ ሰዎች የተበላሸ መኪና መሃል መስመር ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ታውቃላችሁ።

በማርች 2024 አይአይኤችኤስ 14 ሲስተሞችን «ሹፌሩን ምን ያህል ይጠብቃል?» ብሎ ፈተነ። አስራ አንዱ ዝቅተኛውን ውጤት አገኙ። «ተቀባይነት ያለው» የተባለው የሌክሰስ ቲምሜት ብቻ ነው። ሱፐር ክሩዝና አንዱ የኒሳን ፕሮፓይለት ዓይነት ከሱ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ተቀመጡ። «ጥሩ» የተባለ አንድም አልነበረም።

የዳታውን ጉዳይ እዚሁ ላንሳው፤ ጂኤም ላይ የደረሰው ለሁሉም ትምህርት ስለሆነ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ክስ ጂኤምና የመኪና ግንኙነት አገልግሎቱ ኦንስታር የደንበኞችን ያሉበትን ቦታና የአነዳድ ዳታ በግልጽ ሳያስፈቅዱ ለሪፖርት ኩባንያዎች ሸጠዋል አለ። ያ ሪፖርት ኢንሹራንሶች ዘንድ ደርሶ የአንዳንዶች ዋጋ ጨምሯል። ኩባንያው ለ5 ዓመት እንዲህ ያለ ዳታ ለሪፖርት ኩባንያዎች እንዳይሰጥ ተስማምቷል። መኪናውን ስትረከቡ ሻጩ ስልካችሁን ወስዶ «ላገናኝላችሁ» ሲል፣ «እስማማለሁ» የሚለውን በናንተ ፋንታ እንዲጫን አትፍቀዱ።

አማራጭ 4፦ ደረጃ 3 እና ሹፌር አልባ ታክሲ

መርሴዲስ ድራይቭ ፓይለት የሚባለውን በ2023 በኔቫዳና በካሊፎርኒያ አስፈቅዷል። በሰዓት እስከ 40 ማይል፣ በትራፊክ መጨናነቅ፣ በተመረጡ ሃይዌዮች ላይ ብቻ። ቨርጂኒያ ላለ ሰው አይጠቅምም።

ሹፌር አልባው ታክሲ ዋይሞ ደግሞ አይገዛም፤ ትሳፈሩበታላችሁ። በ2025 ወደ ዲሲ እንደሚመጣ ሲያስታውቅ የኛ ሰፈር ሹፌሮች ጉዳዩን የደኅንነት ብቻ አድርገው አላዩትም። እውነት አላቸው። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለደኅንነቱ ግን ኩባንያውን በግልጽነቱ መዝኑት። በኦክቶበር 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሌላ መኪና የገጫት ሴት ክሩዝ የተባለው የጂኤም ሹፌር አልባ ታክሲ ፊት ወደቀች። ታክሲው መታት፣ ከዚያ 20 ጫማ ያህል ጎተታት። ካሊፎርኒያ ፈቃዱን ያገደችው በአደጋው ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው መረጃ በትክክል አልሰጠም በማለትም ጭምር ነው። ጂኤም በዲሴምበር 2024 የክሩዝን የታክሲ ሥራ መደገፍ አቆመ።

በአጭሩ ሲታይ

| | ፍሬን የሚይዝ | መሪ የሚይዝ | እጅ የሚያስለቅቅ | ደረጃ 3 |
|---|---|---|---|---|
| የማዳን ማስረጃ | ጠንካራ | ደካማ፣ በዋናነት ምቾት | ደካማ፣ በዋናነት ምቾት | ገና ጥቂት |
| እጅ | መሪ ላይ | መሪ ላይ፣ ወይም ለመያዝ ዝግጁ | መልቀቅ ይቻላል | መልቀቅ ይቻላል |
| ዓይን | መንገድ ላይ | መንገድ ላይ | መንገድ ላይ | ሲጠራ መመለስ |
| መጀመሪያ የሚጠየቀው | ሹፌሩ | ሹፌሩ | ሹፌሩ | እንደ ሁኔታው |
| የወር ክፍያ | የለም | በአንዳንዱ | ነጻው ጊዜ ሲያልቅ | አለ |
| የት ይሠራል | በብዙ መንገድ | እንደ ሲስተሙ | ካርታ ያለው ሃይዌይ | ሁለት ግዛት |

ለማን የትኛው?

*ለመጀመሪያ መኪና፣ ለአዲስ መጤ፣ ለልጅ፦* አማራጭ 1፣ ያገለገለ። ከ2018 ወዲህ የተሠራ፣ አውቶማቲክ ፍሬን ያለው፣ በአይአይኤችኤስ የግጭት ፈተና ጥሩ ውጤት ያገኘ። ገንዘብ ከተረፈ ለጎማ ይዋል። ላጥ ያለ ጎማ ላይ የትኛውም ካሜራ አይረዳም።

*ለኡበርና ለሊፍት ሹፌር፦* አማራጭ 1 ከነብላይንድ ስፖቱ፣ ፍጥነት ጠባቂ ክሩዝም ቢኖረው መልካም ነው። መሪ ለሚይዝ ጥቅል በየወሩ አትክፈሉ። ሥራችሁ ከተማ ውስጥ ነው፣ ተሳፋሪ ጭናችኋል። አደጋ ቢደርስ ታርጋውም መንጃ ፈቃዱም የናንተ ነው።

*ዲሲና አትላንታ፣ ዲሲና ኮሎምበስ ለሚመላለስ ቤተሰብ፦* ዓይን የሚከታተል አማራጭ 3 ትርጉም ያለው እዚህ ነው። ድካም ይቀንሳል። ሌሊት ላይ ግን አጥፉት።

*ቴስላ መግዛት ለቆረጠ፦* መኪናውን ግዙ፣ ጥቅሉን አቆዩት። አንድ ወር ሞክራችሁ ከዚያ ወስኑ። የረጅም ጊዜ ክፍያ በመጀመሪያው ቀን አይደረግም።

ከመፈረማችሁ በፊትና በኋላ ያላችሁ መብት

«በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። የፌዴራሉ የ3 ቀን ደንብ ከዲለር ቤት የተገዛ መኪናን አይመለከትም። ፈርማችሁ ከወጣችሁ የናንተ ነው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር።

አዲስ መኪና ደጋግሞ ሲበላሽ የሚያስመልሰው የሌመን ሕግ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ይሠራል። ሜሪላንድና ዲሲ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል፣ ቀድሞ የደረሰው። ለተራ ብልሽት ቨርጂኒያ ሦስት፣ ሜሪላንድና ዲሲ አራት የጥገና ሙከራ ይጠይቃሉ። ለከባድ የደኅንነት ችግር ግን አንድ ሙከራ ሊበቃ ይችላል። ራሱ ያለ ምክንያት ፍሬን የሚይዝ መኪና ቀላል ቅሬታ አይደለም። ጋራዥ በሄዳችሁ ቁጥር ያላችሁት ነገር ወረቀቱ ላይ በቃላችሁ ይጻፍ። «ደንበኛው ድምፅ ሰማሁ ይላል» እና «መኪናው ሃይዌይ ላይ ራሱ ፍሬን ያዘ» አንድ አይደሉም።

ሪኮል ነጻ ነው፣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት እስኪያልፈው ድረስ። 17ቱን የሻንሲ ቁጥር ፊደላትና አሃዞች ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ያገለገለ ስትገዙ ይሄን ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት፤ የፌዴራል ሕግ ዲለር ያልተጠገነ ሪኮል ያለበትን ያገለገለ መኪና እንዳይሸጥ አይከለክልም።

ውሉ ውስጥ «አርቢትሬሽን» የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁን የሚዘጋው እሱ ነው። አንዳንዱ ውል፣ የቴስላን ጨምሮ፣ በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ እንድትወጡበት ይፈቅዳል። ደብዳቤው አጭር ነው። በሪኮማንዴ ላኩት፣ ቅጂውን ያዙ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ መኪናው ውስጥ ያለው ጥቁር ሳጥን ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ሰከንዶች ይይዛል። ፍጥነት፣ ፍሬን፣ ቀበቶ። በ2015ቱ የፌዴራል ሕግ ይሄ ዳታ የባለቤቱ ወይም በሊዝ የያዘው ሰው ነው። ፈቃዳችሁ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሕጉ የዘረዘራቸው ጥቂት ምክንያቶች ሳይኖሩ አይወሰድም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኢንሹራንሱ መኪናውን «ቶታል»፣ ማለትም መጠገኑ አያዋጣም፣ ብሎ ሲረከበው ሳጥኑም አብሮ ወደ ጨረታ ግቢ ይሄዳል። ሲስተሙ በርቶ ነበር የምትሉ ከሆነ፣ ሊብሬውን ከመፈረማችሁ በፊት ሳጥኑ እንዲጠበቅ ለኢንሹራንሱም ለአምራቹም በጽሑፍ አሳውቁ፣ ጠበቃም ያዙ።